ሲምስ ውስጥ የባሕር ዳርን ክረምት ማግኘት ይቻላል? (ከተማ መዞርና የአየር ጠባይ)

የሽምብጥ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 2:40

ሰላም ጎበዝ! ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ ሲምስ 4 (ሰው ፈጥረሽ ኑሮውን የምትመሪበት የኮምፒውተር ጌም) ላይ ቤት መሥራት አይሆንልኝም። ግድግዳና ጣሪያ ሲያስተካክሉ የሚያመሹ ጓደኞች አሉኝ፤ ይመቻቸው። እኔ ሌላ ሰው የሠራውን ቤት ከጋለሪ አውርጄ፣ ሲሜን (የጌሙን ሰውዬ) ከበር አስወጥቼ መዞር ነው የምወደው፦ መናፈሻው፣ ውሃ ዳሩ፣ ጎረቤት ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደሚያወራ። ዋናው ጌም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በነጻ ስለሆነ የምጫወተው ያንኑ ነው። ከጌሙ ከተሞች ዊሎው ክሪክን አዳርሻለሁ፣ በረሃማዋን ኦዌሲስ ስፕሪንግስንም እንደዚሁ። ኒውክረስት 15 ባዶ ቦታ ይዛ ቁጭ ስላለች እሷን ባሕር ዳር ላድርጋት ብዬ ተነሣሁ። መንገዱን መንካት ስለማይቻል ዘንባባውን በየግቢው አጥር ሥር ደረደርኩት። በሩቁ ሲያዩት አያሳፍርም።

ዋናው ጌም ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ብራ ነው። ሲዝንስ የሚባለው ፓክ (ወቅትና አየር የሚጨምር፣ ለብቻው የሚሸጥ) ያላት የአክስቴ ልጅ ጋ ሄጄ ያንኑ ሴቭ ከፈትንበት። ዝናቡ ሲመጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰዉ ጥላ ዘርግቶ ይሮጣል፣ መብረቁ ያበራል። ትንሽ ቆየና ወቅቱ ዞሮ ዘንባባዬ በሙሉ የፈረንጅ በረዶ ለበሰ። ጊዮርጊስ አደባባይ ይሆናል ብዬ የተውኩት ቦታ ላይ ልጆች የበረዶ ሰው ይሠራሉ!

የምፈልገው በረዶ የሌለው፣ ሰኔ ላይ ገብቶ ሐምሌና ነሐሴ የሚጠና ዝናብ ነው። ከተማው ደግሞ በየደረጃው "ሎዲንግ" ሳይለኝ የምዞርበት ቢሆን። ላፕቶፔ 8 ጂቢ ራም አለው፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ምን ትሉኛላችሁ?

ብስክሌተኛው · ቅዳሜ ማታ 3:05

እህቴ፣ መልሱ አጭር ነው፦ ሲምስ 3።

እ.ኤ.አ. 2009 የወጣ ጌም ነው ብለሽ እንዳትንቂው። እስካሁን ከተማ መዞር በሚለው ነገር የሚደርስበት ሲምስ የለም። ከቤትሽ ትወጫለሽ፣ ብስክሌትሽ ላይ ትወጫለሽ፣ ከተማውን አቋርጠሽ ባሕር ዳርቻ ትደርሻለሽ፤ በመሐል አንድም ሎዲንግ የለም። ጎረቤትሽ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ። ሲምስ 4 ላይ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በገባሽ ቁጥር መጠበቅ ነው። ብስክሌት ራሱ እዚያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ከዩኒቨርሲቲው ፓክ ጋር ነው። ለባሕር ዳር ልጅ ያለ ብስክሌት ምን ከተማ አለ?

የአየሩ ነገር ደግሞ ይበልጣል። የሲምስ 3 ሲዝንስ (እ.ኤ.አ. 2012) ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የማትፈልጊውን ወቅት ማጥፋት ትችያለሽ። የበረዶውን ወቅት ሙሉ በሙሉ አንሺው። ዝናብ፣ በረዶ፣ ጭጋግ የሚሉት ለየብቻ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። የወቅቱን ርዝመት ከ3 እስከ 28 ቀን ታደርጊዋለሽ። ሲምስ 4 ላይ ግን ምርጫሽ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ሳምንት ብቻ ነው፤ አራቱም ወቅቶች በተራቸው መምጣታቸው አይቀርም።

አዲስ_ገቢ · ቅዳሜ ማታ 3:22

ሲምስ 3 እኮ ይቆማል ወንድሜ። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ከተማው ሲከፈት ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ እሱም መብራት ካልሄደ ነው።

ብስክሌተኛው · ቅዳሜ ማታ 3:31

ሲከፈት ይቆያል፣ አልዋሽም። ሙሉውን ከተማ በአንዴ ስለሚጭን ነው። አንዴ ከገባሽ በኋላ ግን ያ ሁሉ ጥበቃ አለቀ። መቆሙ የሚመጣው ጌሙ 32 ቢት ስለሆነ ነው፤ 16 ጂቢ ራም ብትሰጪውም ከ4 ጂቢ በላይ አይነካም። ስለዚህ ያገኛችሁትን ፓክ ሁሉ አትጫኑበት። ዋናውን ጌምና ሲዝንስን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ አይቸገርም። 8 ጂቢው ይበቃታል። ያለ ግራፊክስ ካርድ የዛፉንና የውሃውን ጥራት ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው።

መብራቱን በተመለከተ ቶሎ ቶሎ ሴቭ ማድረግ ነው እንጂ ምን ይባላል።

መምህር_ዘጌ · ቅዳሜ ማታ 4:10

ልጆች፣ ጌም ብዙም አላውቅም። ልጄ ስትጫወት ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ስለ ዝናቡ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ጠያቂዋ "የባሕር ዳር ዝናብ" ስላለች።

የእኛ ዝናብ የሚለየው በወሩ ብቻ አይደለም፣ በሰዓቱም ነው። ቀን ቀን ፀሐይ መሬቱን ከውሃው ፈጥና ታሞቃለች። ሞቃት አየር ከምድሩ ላይ ሲነሣ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ውሃ ዳር የምትቀመጡ ታውቁታላችሁ። ያ እርጥብ አየር ወደ ጉናና ወደ ጮቄ ሲወጣ ደመናው እዚያ ይከማችና ተራራው ላይ ከቀትር በኋላ ይዘንባል። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። ተራራውና ሜዳው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ጣና ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ቀዝቃዛው አየር ከየአቅጣጫው ወደ ሐይቁ ወርዶ ይጋጫል፣ የሐይቁን ሞቃት አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ሌሊት ነጎድጓዱ የሚጀምረው በዚህ ነው። ለዚህ ነው ሐምሌ ላይ ስንቱን ሌሊት ቆርቆሮው ሲደበደብ አድሮ ጠዋት ልጆች በብራ ከቤት የሚወጡት።

እንግዲህ ጌሙ ይህን ይችል እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ። ዝናብን እንደ መጋረጃ ጠዋት ዘርግቶ ማታ የሚያጥፍ ከሆነ የእኛ አይደለም።

የሽምብጥ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 4:18

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እስኪሉት ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እውነት ነው፣ ክረምት ላይ የሚያረጥበኝ የማታው እንጂ የቀኑ አይደለም።

ሲምስ 4 ላይ ዝናቡ በሰዓት ይመጣል፣ በሰዓት ይሄዳል፤ ሌሊትም ይዘንባል። ግን መቼ እንደሚዘንብ እኔ አልወስንለትም።

ብስክሌተኛው · ቅዳሜ ማታ 4:29

ሲምስ 3ም እንደዚያው ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ቴምፔስት የሚባል ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት) አለ፤ በየወቅቱ የዝናቡን ዕድልና የሙቀቱን መጠን ራስሽ ትሞዪለታለሽ። መምህር፣ ሌሊት ብቻ ዝነብ ብለን ልናዘው አንችል ይሆናል፣ ግን ሐምሌን ሐምሌ ማድረግ ይቻላል። አበባ የሚፈነዳበትን ወቅት ዝናቡን አብዝቶ ለክረምት፣ ሙቁን ወቅት ለበጋ። ሁለቱን ብቻ አብርቶ ሌላውን ማጥፋት።

መምህር_ዘጌ · ቅዳሜ ማታ 4:41

ሁለት ብቻ አታድርጉት እንጂ! አራት ወቅት እኛም አለን። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ ከዚያ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ እስከ ሰኔ 25። መስከረም ላይ አደይ የሚያብበው፣ ጥቅምት ላይ ጤፉ የሚያሸተው፣ መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ የሚያስጨንቀው አንድ አየር ነው እንዴ? ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት ለመፀው ተዉት። ቢጫው የቅጠል ነው፣ የእኛ ቢጫ የአበባ ነው፤ በሩቁ ያስኬዳል።

ቆሮሶ_ጥብስ · እሑድ ጠዋት 3:15

ሁላችሁም ሲምስ ሲምስ ትላላችሁ፣ ስታርዲው ቫሊን የጠራ የለም? እ.ኤ.አ. የካቲት 2016 የወጣ፣ ኤሪክ ባሮኔ የሚባል አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ጌም ነው። በተሰባበረ ላፕቶፕም ይሠራል፣ ስልክ ላይም አለ። ከተማው ትንሽ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር ትጨርሰዋለህ።

እኔ ይሄን የምለው አየሩ *ሥራ* ስላለው ነው። ሲምስ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ቢበዛ ጥላ ትዘረጋለህ። ስታርዲው ላይ ዝናብ ከጣለ እርሻህን ውሃ አታጠጣም፣ ስለዚህ ቀኑ ሙሉ ነጻ ነው፣ ማዕድን ማውጫ ትወርዳለህ። የመንደሩ ሰው የዝናብ ቀን ውሎው ሌላ ነው፤ ሁልጊዜ ውጭ የምታገኛት ሴትዮ ቤቷ ናት። ከዋዜማው ቴሌቪዥን ከፍተህ የነገውን ትሰማለህ። በሙቁ ወቅት 13ኛውና 26ኛው ቀን ላይ ነጎድጓድ አይቀርም፣ የመብረቅ መሳቢያ ተክለህ ከጠበቅህ ባትሪ ታገኝበታለህ።

አሁን ደግሞ ለጣና ሰው የሚሆነውን ስሙ። አምባዛ አለው! ወንዙ ላይ፣ አበባ በሚፈነዳበትና ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው የሚያዘው። በብራ ቀኑን ሙሉ መንጠቆ ብትጥል አታየውም። የእኛ አምባዛ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ሜዳው ላይ ሲፈሱ ውሃውን ተከትሎ ሊራባ የሚወጣው መሆኑን የነገረው ሰው ያለ ነው የሚመስለኝ። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። ሳሳየው "ይሄስ ያውቃል" አለኝ፤ ስለ ሌላ ጌም እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ጎርጎራ_ማዶ · እሑድ ጠዋት 3:40

@ቆሮሶ_ጥብስ ነጭ ዓሣውስ? ከ15 የማያንስ ዓይነት፣ ከጣና ሌላ የትም የሌለ ዓሣ ያለን ሰዎች በአንድ አምባዛ ደስ ይበለን?

ቆሮሶ_ጥብስ · እሑድ ጠዋት 3:44

ሞድ ሥራለትና አስገባው። እኔ መንጠቆውን ይዤ እጠብቅሃለሁ።

መምህር_ዘጌ · እሑድ ጠዋት 5:02

የአምባዛው ነገር ደስ ብሎኛል፣ ልክ ነው። ልጄን ስታርዲውን ክፈችልኝ ብዬ አየሁት። ዝናቡ ግን ከነቃህበት ጠዋት እስክትተኛ ድረስ ያው ዝናብ ነው። ቀኑ ወይ ሙሉ ዝናብ ነው ወይ ሙሉ ብራ። ማታ ነጎድጓድ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚባል የለም። ወሩም ሁሉ 28 ቀን፣ አራት ወር አንድ ዓመት፤ ጠቅላላ 112 ቀን። ጳጉሜን የት አደረሷት?

ቆሮሶ_ጥብስ · እሑድ ጠዋት 5:10

መምህር ልክ ነዎት፣ የአየሩ ነገር በቀን ነው የሚወሰነው። ግን እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፦ በሰዓቱ የሚዘንብ፣ ሰውን ግን ከሥራው የማያነሣ ዝናብ ይሻላል፣ ወይስ ሰዓቱ የተሳሳተ፣ ግን ገበሬውንም ዓሣ አስጋሪውንም የሚያንቀሳቅስ?

መምህር_ዘጌ · እሑድ ጠዋት 5:25

ሁለተኛው። ዝናብ ሰው ካላንቀሳቀሰ ሥዕል ነው።

የሽምብጥ_ልጅ · እሑድ ጠዋት 5:33

ኧረ ሲምስንም አትጨክኑበት። ሲዝንስ ካለ ተክሉ ወቅቱን ጠብቆ ነው የሚያፈራው፣ ወቅቱ ካለፈ ደርቆ ይጠብቃል። ሙቀቱም ብርዱም ሲም ይገድላል። እንዲያውም እሱ ነው ያስቸገረኝ፤ ሐምሌ ላይ ጋቢ የሚበቃው ሰው እንደ አላስካ ተጠቅልሎ ይወጣል። ሙቀትና ብርድ ሰዉን እንዲነካ የሚያደርገው ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ አለ፤ አጠፋሁት፣ ተገላገልኩ።

ደግሞ አንድ የምወድለት ነገር፦ የቀን መቁጠሪያው ላይ የራስሽን በዓል መጨመር ትችያለሽ። የአክስቴ ልጅ የፈረንጆቹን በሙሉ ሰርዛ እንቁጣጣሽንና ጥምቀትን አስገብታለች። ትልቅ ማዕድና እንግዳ መጥራት የሚሉትን ልማዶች ስትመርጥበት ጎረቤቱ ሁሉ ቤትሽ ይመጣል።

ጎርጎራ_ማዶ · እሑድ ቀን 8:20

ከአየርና ከሰዓት ከተነሣ የኒንቴንዶውን አኒማል ክሮሲንግ ላንሣ፣ ኒው ሆራይዘንስ የሚለውን (እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020)። እሱ የሚሄደው በእውነተኛው ሰዓት ነው። አንተ ጋ ሲመሽ እዚያም ይመሻል። ዝናቡም ሲመጣ ለሰዓታት ነው፣ ሌሊትም ይዘንባል፤ መምህርን ደስ የሚያሰኝ ነው። ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚያዝ ዓሣም አለው፣ ሲላካንት የሚሉት።

ሁለት ጣጣ አለበት። አንደኛው፣ አጎታችን ከዱባይ ሲልክለት ታናሽ ወንድሜ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞላው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ "2:00" ብሎ። ጌሙ ሌሊት ስምንት ሰዓት መሰለው። ልጁ ጠዋት ሲከፍት ደሴቱ ጨለማ፣ ሰዉ ተኝቷል፣ ሱቁ ዝግ (የሚከፍተው በእኛ ጠዋት 2፣ የሚዘጋው ማታ 4 ነው)። ማታ ራት በልቶ ሲከፍተው ደግሞ የፀሐይ ጠራራ። "ሱቁ ለምንድን ነው ጠዋት የማይከፍተው" እያለ ሲያለቅስ ነው የገባን።

ሁለተኛው አይስተካከልም። መጀመሪያ ላይ ሰሜን ወይስ ደቡብ ንፍቀ ክበብ ይልሃል። እኛ ሰሜን ነን፣ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ከፍ ብለን። ሰሜን ካልከው ጥምቀት ሰሞን ደሴቱ በረዶ ነው፣ ታቦት ልትሸኝ ወጥተህ። ደቡብ ካልከው በረዶው ሐምሌና ነሐሴ ይወርዳል። በመሐል ያለን ሰዎች መኖራችንን የነገራቸው የለም።

አዲስ_ገቢ · እሑድ ቀን 8:31

😂😂 ሱቁ ዝግ

ኢንዞይ የሚባለው ጌምስ? ከተማው ያምራል፣ አየሩንም እንደፈለግክ ትቀይረዋለህ ይላሉ።

ብስክሌተኛው · እሑድ ቀን 8:50

ያምራል፤ ከባድ ነው ደግሞ። አንዱ ከተማ ሴኡልን፣ አንዱ የካሊፎርኒያን ባሕር ዳርቻ የሚመስል ነው። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ ግን አይታሰብም፣ እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው።

ዓባይ_ማዶ · እሑድ ማታ 1:15

ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን የማሳያችሁ አለኝ።

ለሲምስ 3 ክሪኤት ኤ ወርልድ የሚባል መሣሪያ በነጻ አለ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2009 የወጣ፣ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ። ከተማ ከባዶ መሬት ትሠራበታለህ። ግራጫ ሥዕል ትሰጠዋለህ፤ ነጣ ያለው ቦታ ከፍታ፣ ጠቆር ያለው ዝቅታ ሆኖ መሬቱን ያወጣልሃል። እኔ ባሕር ዳርን እየሠራሁ ነው። ቤዛዊት ኮረብታው ወጥቷል፣ ከላዩ ቤተ መንግሥቱ የሚያርፍበት ቦታ ተደልድሏል። ጊዮርጊስ፣ የሐይቅ ዳሩ መንገድ፣ የዓባይ መውጫ፣ ደብረ ማርያም ደሴት አሉ።

ችግሩን ልንገራችሁ። ትልቁ ካርታ 2048 በ2048 ነው። ጣናን በሙሉ አስገባለሁ ያለ ሰው ባሕር ዳርን ነጥብ ያደርጋታል። ስለዚህ ሐይቁን የከተማው ጫፍ ላይ ቆርጬ ከዚያ ወዲያ አድማስ እንዲመስል ተውኩት፤ ከተማውንም ትንሽ ጨመቅ አድርጌዋለሁ፣ ከጊዮርጊስ ድልድዩ ከእውነተኛው ይቀርባል። ዘጌና ክብራን ገብርኤል አልገቡም። ጢስ ዓባይማ ጭራሽ፤ ራቅ ያለ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ውሃው ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ወንዝ መሥራት ራስ ምታት ነው።

ጉማሬም የለም። ስለ ጉማሬ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ከወዲሁ ልበል።

የሽምብጥ_ልጅ · እሑድ ማታ 1:22

አንተ ሰው የት ነበርክ እስካሁን! ሽምብጥ አለ?

ዓባይ_ማዶ · እሑድ ማታ 1:30

ሽምብጥ አለ፣ ቤቶቹ ግን ባዶ ናቸው። የከተማው ሰው እስኪገባ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። የምጠይቃችሁ ግን አለኝ። ቅዳሜ ገበያን የት ላድርገው? በትክክለኛው ቦታው ካስቀመጥኩት ፔዳ ግቢ (ዩኒቨርሲቲው) ከካርታው ይወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልቻልኩም።

ብስክሌተኛው · እሑድ ማታ 1:41

ፔዳን አውጣው። ሲምስ 3 ላይ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ፓክ ነው፣ የሚሄደውም ወደ ሌላ ከተማ ነው። ገበያው ይቅር ካልክ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉ የት ይሄዳል?

መምህር_ዘጌ · እሑድ ማታ 1:55

ፔዳ ያስተማርኩ ሰው ፊት ነው እንዲህ የምትሉት! ይሁን፣ ገበያው ይግባ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ጭጋጉን አታጥፉት። በዚህ ሰሞን ጠዋት ሐይቁ ላይ የሚተኛውን ታውቁታላችሁ፣ ደብረ ማርያም የማይታይበት ጠዋት ስንት አለ።

ዓባይ_ማዶ · እሑድ ማታ 2:03

ጭጋጉ ይበራል መምህር። @ብስክሌተኛው በቴምፔስት የሞላኸውን የዝናቡን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፣ ከካርታው ጋር አብሬ ላውጣው። ሙቁን ወቅት ግን 30 ዲግሪ ላይ አቁመው፤ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ መተማ አታድርገን።

አዲስ_ገቢ · እሑድ ማታ 2:10

ሲዝንስ የሌለኝ ሰው ካርታው ይሠራልኛል?

ዓባይ_ማዶ · እሑድ ማታ 2:12

ይሠራል፣ ዋናው ጌም ብቻ ነው የሚፈልገው። ዓመቱን ሙሉ በጋ ይሆንብሃል እንጂ።